የመሪጌታው ሳል

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሳላስበው ሳቅሁ። በከተማው ያለን ነባር የጤና ባለሙያዎች «ልምዳችሁን እንድታካፍሉን» ተብለን ተጠርተን ነበር። የጥሪ ወግ ሆኖ ነው እንጂ ልምዳችንን የጠየቀን የለም፤ የተፈለግነው ወንበር እንድንሞላ ነው። ከፊት ከረባት ያሰሩ ሰዎች ተደርድረዋል፣ ከኋላ ልጆች የታሸገ ውኃ ያድላሉ፣ መድረኩ ላይ ደግሞ ያ ሰውዬ ቆሟል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው ደስ ይለዋል።

ድሮ ሐኪምም መምህርም ሆኖ እዚሁ ከተማ ይሠራ ነበር። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ገፍቷል፣ ማዕረጉም ከሆዱ እኩል አድጓል። የንግግሩ ርዕስ «ጫና የበዛበት ልብና ቅርጹን የሚለውጡ ኢንዛይሞች» ይላል። አነጋገሩ እንደ ድሮው ነው፤ ሲናገር የሚናገረው ለራሱ ጆሮ ነው። ስለ መድኃኒቶቹ ሲደርስ አንዱን ጠራና፣ «ይኼኛው ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል» ብሎ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ወዝወዝ አድርጎ አለፈ። የሳቅሁት ያኔ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ነርስ «ምነው እትዬ?» አለችኝ። ለእሷ የሚሆን አጭር መልስ አልነበረኝም። ረጅሙ ይኸውና።

አባቴ ከቁይ ገበያ ወዲያ፣ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ዜማውን ዲማና ሌላም ሌላም ቦታ ዞረው ነው የተማሩት። ጥቂት መሬት ነበረችን፤ ጤፍና ድንች ታበቅላለች። ቤታችንን ያቆመው ግን የአባቴ ድምፅ ነበር። ደብሩ እህል የሚሰፍርልን በድምፃቸው ነው፣ ተማሪ ከሩቅ አገር የሚመጣላቸው ድምፃቸውን ሰምቶ ነው፣ እናቴም ያገባቻቸው በዚሁ ድምፅ እንደሆነ አክስቶቼ ሲቀልዱባት ሰምቻለሁ። ወፍራም ድምፅ አልነበረም። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ አራራይ የሚባለው የዜማ ስልት ላይ ሲደርስ የሚለሰልስ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። እኔ ለዜማ ጆሮ የለኝም፤ አባቴ ሲያዜሙ የሰው ፊት ምን እንደሚሆን ግን አይቻለሁ።

በዚያ ዘመን እኔ ደብረ ማርቆስ የመድኃኒት ሙያ እማር ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ምግባችን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ነው። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ክረምት ላይ ከእሱ የሚጥመኝ የለም፤ ልጆቼ «የድህነት ምግብ» ይሉታል፤ ልጆቼ ስለ ምግብ የሚያውቁት ነገር የለም። ያ ሰውዬ ጠዋት እኛን ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ በአንድ የግል ክሊኒክ በሽተኛ ያያል። ሲያስተምር ጎበዝ ነበር። ይህን አልነፍገውም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጠላውም ነበር።

ስለ ልብ ያስተማረን ቀን ትዝ ይለኛል። የደም ግፊት ሲበዛ ልብ በየምቱ ከባድ ጭነት ይገፋል አለን። ጭነት የበዛበት ጡንቻ ይወፍራል። የሚወፍረው ግን እንዲሁ አይደለም፤ ሥራውን የሚያካሂዱ ኢንዛይሞች አሉ። አንደኛው በደም ውስጥ የሚዞር ንጥረ ነገር ቆርጦ ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰው ነገር የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ልብንም «ወፍር» ይለዋል። ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ የጡንቻውን ክሮች አቅፎ የያዘውን መረብ እየቆራረጡ ያፈርሱታል፤ በፈረሰው ቦታ ጠባሳ ይገባል። ልብን ለማገዝ የተጀመረው ሥራ ሲቆይ ልብን ይጥለዋል። በመጨረሻ «የኢንዛይሙን እጅ ያዙ፣ ልብ ይተርፋል» ብሎ ጠመኔውን አስቀመጠ። አጨበጨብንለት። በእኛ አገር ለማጨብጨብ ብዙ አያስፈልግም።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ትንፋሽ አጠራቸው። ከወንዙ ወደ ደብሩ የምታወጣውን ዳገት እየቆሙ መውጣት ጀመሩ፤ ሲተኙም ጋቢ ጠቅልለው ከራሳቸው ሥር ካልከመሩ እንቅልፍ አልወስድ አላቸው። እናቴ «የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ» ብላ በጭነት መኪና አሳፍራ ደብረ ማርቆስ አመጣችልኝ። ያ ሰውዬ መረመራቸው። ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ልቡ ወፍሯል አለና ያንኑ የኢንዛይሙን እጅ የሚይዝ ኪኒን አዘዘ። አንቱ አላላቸውም። ሥራቸውንም አልጠየቃቸውም፤ አቧራ የለበሰ እግራቸውን አየና ገበሬ ናቸው ብሎ ጨረሰ።

ከክሊኒኩ ስንወጣ አባቴ፣ «ይች ፍሬ ምንድር ትሠራለች?» አሉኝ።

የቤታችንን ግድግዳ ምሳሌ አደረግሁላቸው። «ግድግዳውን በየዓመቱ ከውስጥ በኩል በጭቃ ብንመርገው፣ ብንመርገው ቤቱ ምን ይሆናል?»

«ይጠባላ።»

«ልብዎም እንደዚያ እየሆነ ነው። ሸክም ሲበዛበት የሚመርገው አለ። ግድግዳው ሲወፍር ደም የሚያርፍበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።»

«እንግዲያ መራጊውን ያዙልኛ!» ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ገበያ ወርደን የተጠበሰ በቆሎ ገዛንና እየበላን ወደ መኪናው ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲያ አባቴ እንዲያ ሲስቁ የሰማሁ አይመስለኝም።

ኪኒኑ ሠራ። ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ዳገቱን ሳይቆሙ ወጡ። ጥቅምት ሲጋመስ ግን ሳል ጀመራቸው። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ ላይ እብቅ እንደተጣበቀ የሚኮረኩር ሳል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ስሎ ዝም ይላል። መሪጌታን የሚይዘው ግን ትንፋሽ ተስቦ፣ ዜማው ከፍ ሲል ነው። በአንድ የበዓል ዋዜማ አባቴ እየመሩ ሳለ ሳሉ መጣና ቃላቸውን መኻል ላይ ቆረጠው። በደብራችን ልማድ መሪው ካቋረጠ ከማዶ የቆሙት ዜማውን ነጥቀው ይቀጥላሉ። ነጠቋቸው። ለማያውቀው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለአባቴ በሕዝብ ፊት ልብሳቸውን እንደመገፈፍ ነበር።

የነጠቃቸው የአለቃው የእህት ልጅ ነው። አለቃው ማለት የደብሩ አስተዳዳሪ ነው፤ ጥምጣሙ ከራሱ የሚበልጥ ሰው። የእህቱን ልጅ በአባቴ ቦታ ለማስቀመጥ ከድሮም ይቋምጥ ነበር፤ የልጁ ድምፅ ግን ጥጃዋ የጠፋባት ላም ድምፅ ስለነበር አፉን ሞልቶ ሊጠይቅለት አልቻለም። ሳሉ ሲመጣ መንገድ ተከፈተለት። ቤታችን መጥቶ «እንግዲህ መሪጌታ፣ ለኅዳር ጽዮን ይደርሳሉ ወይስ ልጁ ይምራ?» አላቸው። ከዚያም ያዘነ መስሎ መድኃኒቱን ነገራቸው። «እንጥልዎ ወርዶ ነው። ማስቆረጥ ነው።»

በእኛ አገር ሳል አልለቅ ያለው ሰው ሁሉ እንጥሉ ወርዷል ይባላል። ከጉሮሮ በላይ የተንጠለጠለችውን ያችን ቁራጭ ሥጋ በፈረስ ጭራ አስረው በስለት የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ በየመንደሩ እንደ ባለ ሙያ ይከበራሉ፣ ጠላ ይቀዳላቸዋል። ደም ፈስሶት የሞተ ሕፃን ስንት እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ንፍጥስ ታጥቦ ይለቃል።

እኔ ስለ አለቃው ምክር አልሰማሁም፤ የሰማሁት ስለ ሳሉ ብቻ ነበር። ነገሩ ከንክኖኝ መጽሐፍ አገላበጥሁ። ለካ ያ ኢንዛይም ሁለት ሥራ አለው። ሳንባ ውስጥ ጉሮሮ የሚኮረኩር ሌላ ንጥረ ነገር አለ፤ እሱን እየቆረጠ የሚያጠፋውም ያው ኢንዛይም ነው። እጁ ሲያዝ ልብን ማወፈሩን ይተዋል፣ የሚኮረኩረውንም ማጥፋቱን ይተዋል። የተጠራቀመው ያስላል። መድኃኒቱ በሌላ ሲለወጥ ሳሉ ይቆማል። ይህን ያህል ቀላል ነበር። በማግሥቱ ትምህርት ሲያልቅ ሰውዬውን በር ላይ አስቆምሁት።

«ዶክተር፣ አባቴ ያዘዙላቸውን ኪኒን ከጀመሩ ወዲህ ደረቅ ሳል አልለቅ አላቸው። መድኃኒቱ ይሆን? ኢንዛይሙ ሳንባ ውስጥ…»

«አባትሽ ምን ይሠራል?»

«መሪጌታ ናቸው።»

«ዕጣኑ ነዋ!» አለና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ሳቁለት። ከሳቁት አንዷ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን የምትበላ ልጅ ነበረች።

«ሌላ መድኃኒት ቢቀይሩላቸውስ?» አልሁ። «ካልሆነም አንድ ቃል ይበሉልኝና ልንገራቸው። እሳቸው የሚያምኑት የሐኪም ቃል ነው።»

«ሐኪሙ ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ኪኒኑን እንዳያቋርጥ። ካቋረጠ ይሞታል፤ ይህን ንገሪው።» ሄደ። ይህንኑ ቃሉን ወደ አባቴ ላክሁ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የቀለደው በሳሉ አልነበረም፤ በአባቴ ነበር፣ በነጠላቸው፣ በመጡበት አቧራ። ተናድጄ አለቀስሁ። ትንሽ ስበርድ ግን ለራሴ «አላወቀም፣ አላነበበም፤ አላወቅሁም ማለት አፍሮ ነው በቀልድ የሸፈነው» አልሁ። ከዚያ በኋላ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ነገሩን እንዲህ ነበር የተረዳሁት።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሰፈራችን ቅቤ ይዛ የመጣች ሴት አገኘችኝና፣ «ሰኞ እኮ ለአባትሽ እንጥል ቆራጭ ይመጣል። አለቃው ነው ያስጠራላቸው» አለችኝ። እሑድ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቁይ ገባሁ። ኅዳር ነው፤ ክረምት መኪና የሚውጠው ዋልካ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። ከዚያ ወቅት የሚያምር የአገሬን ወቅት አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ምንም አላማረኝም፤ ሰኞ ከቁይ ተነሥቼ ስሄድ በመንገዱ የታጨደውን ሁሉ ሳየው ስለት ብቻ ይታየኝ ነበር።

ስደርስ አባቴ ከቤቱ ፊት ፀሐይ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቆራጩ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ቢላዋውን በአረቄ እያጠበ ነበር፣ የሕክምና እውቀቱ በዚያው ይጀምርና በዚያው ያልቃል። አለቃው መደብ ላይ ተንፈላሶ የእናቴን ጠላ ይጠጣል።

«አባዬ፣ ይተዉት!» አልሁ ገና ከበሩ። «የሚያስልዎት ኪኒኑ ነው። ባሕር ዳር ሄደን በሌላ እናስለውጠው፤ ሳሉ ይለቅዎታል።»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለ?»

እንግዲህ በዓለም ላይ የምፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ያ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ «ምናልባት» ቢለኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር። አባቴ ዓይኔን እያዩኝ ነው፣ የልጃቸውን ውሸት ከማዶ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ሐኪሙ አላወቀውም። እኔ ነኝ ያነበብሁት» አልኳቸው።

አለቃው ጠላውን ከአፉ አወረደ። «ጉድ እኮ ነው! ሐኪሙ ያላወቀውን ተማሪዋ አወቀችው!» ቆራጩም ሳቀ፤ ጥርሱ ከቢላዋው አይሻልም ነበር።

አባቴ አልሳቁም። «ነይ፣ ተቀመጭ ልጀ» አሉኝ። «ሐኪሙ ኪኒኑን ብተው እንደምሞት ተናግሯል፣ አንችው ነሽ የላክሽብኝ። ባሕር ዳር ደርሰን እስክንመለስ በዓሉ ያልፋል። በዚህ በዓል ካልመራሁ ቦታውን ለልጁ ይሰጡታል፣ ተማሪዎቼ ይበተናሉ። ኪኒኑን ብተው አንች ታለቅሻለሽ፤ ማኅሌቱን ብተው እኔ አለቅሳለሁ። ይችን ቁራጭ ሥጋ ብሰጣቸው ግን ሁለቱም ይተርፋሉ። አትቆጭ።»

ሞኝ አልነበሩም። የተነገራቸውን ይዞ ላሰበ ሰው ሐሳባቸው ልክ ነበር። የተነገራቸው ነው ልክ ያልነበረው። የቆራጩን እጅ ልይዝ ተነሣሁ፤ እናቴ ወገቤን አቅፋ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከጓሮ የሰማሁት የአለቃውን «በርቱ መሪጌታ» የሚል ድምፅ ነው። ስመለስ ደሙ ላይ አመድ ነስንሰውበታል።

ለበዓሉ አልደረሱም። ጉሮሯቸው አብጦ፣ ትኩሳት ይዟቸው፣ ውኃ እንኳ በማንኪያ እየሰጠናቸው ነበር የዋሉት። የእህት ልጅ መራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አልነኩም አሉ። አለቃው ስለ አባቴ ሲጠየቅ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አለ፤ የሰው ጥፋት ሁሉ የሚጫነው እግዜር ላይ ነው፣ እሱ መልስ አይሰጥማ። ቁስሉ ሲድን ሳሉ እንዳለ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልቀነሰም።

ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። ያየችን ሐኪም ደክሟት የነበረች፣ ፀጉሯን እንኳ በወጉ ያላበጠረች ሴት ናት። ሥራቸውን ጠየቀች፣ ሳሉ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀች፣ መድኃኒቱን ለወጠች። ጉሮሯቸውን ስታይ ግን ባትሪዋን አጥፍታ እጃቸውን ያዘች። ለገና ሳሉ ጠፍቶ ነበር።

ያኔ አባቴ ብቻቸውን ከቤቱ ጀርባ ወደ ድንቹ መደብ ሄደው ድምፃቸውን ሞከሩ። ከጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው። እንጥሉ ተቆርጧልና ትንፋሹ በአፍንጫቸው ያመልጣል። ዜማው ከፍ ሲል ይላላል፣ አራራይ ላይ ሲደርስ ፉጨት ሆኖ ይወጣል። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ተዉ። ከዚያ የመኮትኮቻ ድምፅ ተሰማ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ጉልበታቸውን እየሳሙ ወደ ዲማና ወደሌላ ቦታ ሄዱ፤ ደብሩም እህሉን ቀነሰ፣ ወዲያውም አስቀረ። አባቴ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ማኅሌቱ ካበቃ በኋላ ሆነ።

ብዙ ዓመት ኖሩ። አዲሱ መድኃኒት ልባቸውን ደህና አድርጎ ያዘላቸው፤ ለምርመራ ባመጣኋቸው ቁጥር ሐኪሞቹ ይደነቁ ነበር። አንዴ ሐኪሞቹ ያሉትን ስነግራቸው ድንች እየኮተኮቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ በዚያ በአፍንጫ በሚያመልጠው ድምፅ፣ «ልቤንስ አዳናችሁልኝ። እንግዲህ ምን ላርግበት?» አሉኝ። በእርጅና ነው የሞቱት።

ንግግሩ አልቆ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጄን አነሣሁ። ማይክሮፎን አመጡልኝ። ሰውዬው ከመድረኩ ፈገግ ብሎ አየኝ፤ አላወቀኝም።

«ዶክተር፣ ያ መድኃኒት ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አልሁት።

ጥያቄው ደስ አሰኘው። «ኧረ እኔስ ከተማሪነቴ ጀምሮ! ፈተና ላይ ሁሌ ይወጣብን ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። አመስግኜ ተቀመጥሁ።

ይህን ሁሉ ዘመን የናቅሁት አላዋቂ ነው ብዬ ነበር። አላዋቂነት ምሕረት አለው፤ እኔም የማላውቀው ስንት ነገር አለ። ለካ ያውቅ ነበር። በር ላይ ሳስቆመው፣ አባቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው የጠየቁኝ ያች ቃል አፉ ውስጥ ነበረች፤ ቀልዱ ጣፍጦት ዋጣት። ዛሬ ቀኑን ጠይቁት፣ ተማሪዋን ጠይቁት፣ መሪጌታውን ጠይቁት፣ አንዱንም አያስታውስም። ሰው ሁሉ ምላሰ ክፉ ናት ይለኛል። ለዚያ ሰው ግን ዕድሜዬን ሙሉ ምሕረት ስቸረው ኖሬያለሁ።

ነርሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጥሩ አድርገው መለሱልዎት አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ በደንብ መለሰልኝ» አልኳት።